23.5 እና 117፦ የባሮን ሙንሃውዘን ፊልም ለምን ከሰረ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በ1988 የወጣውን የባሮን ሙንሃውዘንን ጀብዱ የሚተርክ ፊልም በቅርቡ አየሁት። በጣም ወደድኩት። ከዚያ ስለ አሠራሩ ሳነብ በሲኒማ ታሪክ ከታወቁት ኪሳራዎች አንዱ ነው ይላል። ዳይሬክተሩ በጀቱን በእጥፍ አሳለፈ፣ ሕፃኗ ተዋናይት መከራዋን አየች፣ ሮቢን ዊሊያምስ ስሙን ደበቀ ይባላል። የትኛው ነው እውነቱ? ይህን የመሰለ ፊልምስ እንዴት ይከስራል?»

ሦስቱም ከመሬት የተነሡ ወሬዎች አይደሉም። የሕፃኗና የሮቢን ዊሊያምስ ነገር እውነት ነው። የበጀቱ ወሬ ግን ጎደሎ ነው። ጎደሎ ስለሆነም ነው ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ሰው ብቻውን ሲወቀስበት የኖረው።

እኔ የምተዳደረው የፊልም በጀት በመሥራት ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ፊልም ሲወራ ከካሜራው ይልቅ ደብተሩን ነው ቀድሜ የማየው። በደብተሩ በኩል ካዩት ይህን ፊልም የገደሉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንዱ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው 23.5 ነው። ሌላው መጨረሻ ላይ የመጣው 117። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፊልሙን ላላዩ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ባሮን ሙንሃውዘን በእውነት የነበረ ሰው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የጀርመን ባላባት ሲሆን፣ በሩሲያ ጦር ውስጥ ሆኖ ከቱርኮች ጋር ተዋግቷል። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ለእንግዶቹ የሚያወራው ወሬ ግን ልክ አልነበረውም። ሩዶልፍ ኤሪክ ራስፔ የተባለ ሰው ወሬውን የራሱንም እያከለበት በ1785 በእንግሊዝኛ አሳተመው። ባሮኑም በቁሙ የውሸታም ምሳሌ ሆኖ አረፈው። ሐኪሞች እንኳ ሳይታመም ታመምኩ እያለ ከሆስፒታል ሆስፒታል ለሚዞር ሰው ችግር ስሙን ሰጥተውታል።

ፊልም ሠሪዎች ይህን ሰውዬ ይወዱታል። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜሊየስ በ1911 ሠርቶታል። በ1943 ደግሞ የናዚ ጀርመን ትልቁ ስቱዲዮ ኡፋ 25ኛ ዓመቱን ለማክበር በባለ ቀለም ፊልም አሠራው። በነገራችን ላይ የዚያን ስክሪፕት የጻፈው ኤሪክ ኬስትነር ነው፤ ናዚዎች መጽሐፉን አደባባይ ላይ ያቃጠሉበት፣ እንዳይጽፍም የታገደ ደራሲ። በብዕር ስም አስገብተውት ነው የጻፈው። ውሸታም ስለሆነ ባላባት የሚያወራ ፊልም በውሸት ስም መጻፉ እኔን ሁሌ ያስቀኛል።

ወደ 1988ቱ እንምጣ። ዳይሬክተሩ ቴሪ ጊሊየም ነው። ሞንቲ ፓይተን በተባለው የእንግሊዝ ኮሜዲ ቡድን ውስጥ ብቸኛው አሜሪካ ተወላጅ እሱ ነበር። ወደዚህ ፊልም ሲመጣ አንድ የማይረሳ ጠብ ይዞ ነው የመጣው። ቀደም ሲል የሠራውን ፊልም ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ አላወጣም ብሎ ሲያጉላላው፣ የስቱዲዮውን አለቃ በስም ጠርቶ «ፊልሜን መቼ ነው የምታወጣው?» የሚል የሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ቫራይቲ በተባለው የሙያ ጋዜጣ ላይ አሳተመ። ፊልሙ ወጣለት። ግን ሆሊውድ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቂም ይተዋል። «ከዚህ ሰውዬ ጋር መሥራት አይቻልም» የሚለው ስም ለዚህ ፊልም ቀረጻ ሮም ከመድረሱ በፊት ተለጥፎበት ነበር።

አሁን 23.5 ወደሚለው ቁጥር። የአሜሪካው ስቱዲዮ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ፊልሙን ሲረከብ የተጻፈው በጀት 23.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በመጨረሻ ጋዜጦች ያወጡት ወጪ 46.63 ሚሊዮን ዶላር ነው። እጥፍ የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን ፕሮዲዩሰሩ ጀርመናዊው ቶማስ ሹሊ ከዓመታት በኋላ ስለ ፊልሙ አሠራር በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ላይ ሌላ ታሪክ ተናግሯል። እሱ እንደሚለው ፊልሙ ኮሎምቢያ ከመግባቱ በፊት ከፎክስ ስቱዲዮ ጋር ሲነጋገሩ የወጣው በጀት ወደ 35 ሚሊዮን ነበር። ኮሎምቢያ ግን ከ25 በላይ አልወጣም አለ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ተቆራረጠ። መቆራረጡ የይስሙላ መሆኑን ከመጀመሪያው ሁሉም ያውቁ ነበር ይላል ሹሊ። ፊልሙም በመጨረሻ የፈጀው ያንኑ 35 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ እንደ እሱ አባባል። ጊሊየምም በጀት ማሳለፉን ያምናል፤ ወጪው ግን 40 ሚሊዮን ጋ የሚደርስ አልነበረም ባይ ነው።

አንድ ፊልም እንዴት ሁለት ዋጋ ይኖረዋል? ይኖረዋል። ፕሮዲዩሰሩ የሚቆጥረው ለቀረጻው የወጣውን ነው። ስቱዲዮው ደግሞ የብድር ወለዱን፣ የዋስትናውን ክፍያ፣ የራሱን የቢሮ ወጪ ድርሻ ይጨምርበታል። እንደ እኔ ግምት በ35 እና በ46 መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ 46ን ከ23.5 ጋር አነጻጽሮ «እጥፍ አባከነ» ማለት ሁለት ዓይነት ሒሳብ ማደባለቅ ነው።

ይህ ጊሊየምን ነጻ ያወጣዋል ማለቴ አይደለም። ገንዘቡ እንደማይበቃ እያወቁ ሥራውን የተቀበሉት እሱም ሹሊም ናቸው። ትንሽ ቁጥር ጽፎ ሥራውን ማስጀመር፣ ከዚያ «ከገባን በኋላ የት ይሄዳሉ?» ማለት በእኛ ሙያ ያለ ልማድ ነው። አንዳንዴ ይሠራል። የሚሠራው ግን ቃሉን የሰጠህ አለቃ ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ ነው።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። ፊልሙን የተቀበለው የኮሎምቢያ አለቃ እንግሊዛዊው ዴቪድ ፑትናም ነበር። ወንበሩ ላይ የወጣው በ1986 ነው፤ በሆሊውድ ትልልቅ ሰዎች ዘንድ ብዙም ሳይቆይ ተጠላ። የፊልሙ ቀረጻ በመስከረም 1987 ሮም ላይ ተጀመረ። በዚያው ወር ፑትናም ከኮሎምቢያ መልቀቁ ተሰማ። በእሱ ቦታ ዶውን ስቲል ተተካች። ሹሊ ከፑትናም ጋር የተስማማው አብዛኛው ነገር በቃል ነበር። አዲሷ አለቃ ፑትናም ያለው ነገር እኔን አይመለከተኝም አለች። ከሕግ አንጻር ልክ ናት። ወረቀቱ ላይ ያለው 23.5 ነው። የይስሙላ የተባለው ቁጥር በአንድ ቀን እውነተኛ ዕዳ ሆነ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመረዳት ስለ ማጠናቀቂያ ዋስትና ማወቅ ያስፈልጋል። ተመልካች ስለዚህ ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ በባንክ ብድር የሚሠሩ ፊልሞች ግን ያለ እሱ እምብዛም አይንቀሳቀሱም። ባንክ ለፊልም የሚያበድረው አከፋፋዩ «ያለቀ ፊልም ስታመጡልኝ እከፍላለሁ» ብሎ በፈረመው ውል ላይ ተደግፎ ነው። ፊልሙ ካላለቀስ? እዚህ ላይ ዋስትና ሰጪው ይገባል። ስክሪፕቱን፣ የቀረጻ መርሐ ግብሩንና በጀቱን መርምሮ «ይህ ፊልም በዚህ ገንዘብ፣ በዚህ ቀን ያልቃል፤ ካላለቀ ትርፉን ወጪ እኔ እችላለሁ» ይላል። ለዚህም ከበጀቱ ጥቂት መቶኛ ይወስዳል። መጠባበቂያ 10 በመቶ እንዲያዝም ያስገድዳል። በምላሹ ከባድ ሥልጣን ይሰጠዋል። ፊልሙ ከመስመር ከወጣ ገብቶ መረከብ፣ ትዕይንት መሰረዝ፣ ዳይሬክተሩን እንኳ ማንሳት ይችላል።

የሙንሃውዘን ዋስ ፊልም ፋይናንስስ የተባለው አንጋፋ የለንደን ድርጅት ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንደሄዱ ቀረጻው ከመርሐ ግብሩ በጣም ወደኋላ ቀረ። ሥራው ለጊዜው ቆመ። ጊሊየምን እናነሳሃለን የሚል ማስፈራሪያ መጣ። ሰውየው ብዙ ጉድለት አለበት፤ ግን በዚህ ወቅት ጠዋት ጠዋት ተነስቶ ቀረጻ ቦታ መገኘቱ ራሱ ያስደንቀኛል።

ለምን ወደኋላ ቀረ? ሮም የተመረጠችው ርካሽ ናት ተብሎ ነው። በዚያ ላይ እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ጉድ ናቸው። ካሜራው የጁሴፔ ሮቱኖ ነው፤ ከታላላቆቹ የጣሊያን ዳይሬክተሮች ከፌሊኒና ከቪስኮንቲ ጋር የሠራ ሰው። መድረኮቹን የነደፈው ዳንቴ ፌሬቲ ነው። አልባሳቱ የጋብሪየላ ፔስኩቺ። ሁለቱ በኋላ ኦስካር ወስደዋል። ነገር ግን ፊልሙ የተሠራበት የሮሙ ቺኔቺታ የራሱ አካሄድ ያለው ትልቅ ስቱዲዮ ነው። ዳይሬክተሩና የልዩ ውጤት ባለሙያዎቹ ከለንደን የመጡ፣ ፕሮዲዩሰሩ ጀርመናዊ፣ ገንዘቡ ከአሜሪካ። አንድ ትእዛዝ ሦስት ቋንቋ ተሻግሮ ነው አናጢው ጋ የሚደርሰው። ዶላርም ከ1985 ጀምሮ እየወረደ ነበር። በዶላር በጀት ይዞ በያኔው የጣሊያን ገንዘብ በሊሬ ለሚከፍል ሰው ይህ በየሳምንቱ ከኪስ የሚቀነስ ገንዘብ ነው።

ላይ ታች ማለቱም አለ። ጥቂቱ ቀረጻ ስፔን ውስጥ ነበር፣ በአልሜሪያ የባሕር ዳርቻና በቤልቺቴ። ቤልቺቴ በ1937 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የወደመች ከተማ ናት። ፍርስራሿ እንዳለ እንዲቀር ተደርጓል። በፊልሙ ውስጥ በቱርኮች መድፍ የፈራረሰ የሚመስለው ግድግዳ ሲያዩ፣ ከፊሉ በእርግጥ በመድፍ የፈረሰ ነው። ይህን ሳውቅ የፊልሙን መክፈቻ በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ለበጀት ሠሪ ግን ሁለት አገር ማለት ሁለት ጊዜ ጭነት፣ ሁለት ጊዜ ጉምሩክ፣ ሁለት ጊዜ ሆቴል ነው። ደግሞም ጊዜው ከኮምፒውተር ምስል በፊት ነው። መርከቡም፣ የባሕር አውሬውም ሆድ፣ ፊኛውም በአናጢና በሰዓሊ እጅ መሠራት ነበረበት። ወይ ትልቅ አድርጎ፣ ወይ በትንሹ ሞዴል።

የጠየቁት የሮቢን ዊሊያምስ ነገር ከዚህ መቆራረጥ የመጣ ነው። የጨረቃውን ንጉሥ እንዲጫወት መጀመሪያ የታሰበው ሾን ኮነሪ ነበር። በስክሪፕቱ ጨረቃ ላይ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ትልቅ ከተማ አለ፤ ጭንቅላታቸው ከአካላቸው ተለይቶ የሚበር ሰዎች። ዋስትና ሰጪው ወጪ ቀንሱ ሲል ጨረቃዋ የመጀመሪያዋ ተጠቂ ሆነች። ሕዝቡ ሁሉ ተሰረዘና ንጉሡና ንግሥቲቱ ብቻ ቀሩ። ሕዝብ የሌለው ንጉሥ ለኮነሪ የሚሆን አልነበረም፤ ሄደ። ሮቢን ዊሊያምስ ገባ። ወኪሎቹ ግን ለትንሽ ሚና ብሎ ስሙ ፖስተር ላይ ተለጥፎ ፊልሙ በእሱ እንዲሸጥ አልፈለጉም። ስለዚህ በተዋንያን ዝርዝር ላይ «ሬይ ዲ ቱቶ» የሚል የጣሊያን ቀልድ ተጻፈ። ንጉሡ በፊልሙ ውስጥ ራሱን የሁሉ ንጉሥ ብሎ የሚጠራበት አባባል ነው። ክፋት የለበትም።

ሲያዩት ልብ ብለው ከሆነ የጨረቃዋ ከተማ ሕንፃዎች ጠፍጣፋ ናቸው። የተሳሉ የሕንፃ ፊቶች ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታሉ። ያ ገንዘብ ሲያልቅ የመጣ ዘዴ ነው። ለእኔ ግን ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ትዕይንት እሱ ነው። በሙሉ ገንዘብ ቢሠራ ኖሮ ሌላ ትልቅ መድረክ ሆኖ ይቀር ነበር። ጊሊየም ሲጨንቀው ነው የሚያምርበት የምለው ለዚህ ነው። (ይህን ፊቱ ላይ ብነግረው ግን የሚወደኝ አይመስለኝም።)

ባሮኑን የሚጫወተው ጆን ኔቪልም የማይዘለል ነው። በዚያን ጊዜ ካናዳ ውስጥ ትልቅ የቲያትር ፌስቲቫል ይመራ ነበር። ጥርት ያለ የመድረክ ተዋናይ እንጂ ትኬት የሚሸጥ ስም አልነበረውም። ለምርጫው ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ለሽያጭ ክፍሉ ግን ራስ ምታት ነው፤ የፖስተሩ ትልቅ ፊት ማንም የማያውቀው ሽማግሌ፣ ታዋቂው ፊት ደግሞ ስሙ የተደበቀ። ቬነስ ሆና ከዛጎል የምትወጣው ኡማ ተርማንም ያኔ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ማን ያውቃታል?

ወደ ሕፃኗ ልለፍ። ይህን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። ሳራ ፖሊ ቀረጻው ሲካሄድ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አድጋ ራሷ ዳይሬክተር ሆናለች፣ በ2023 በስክሪፕት ጽሑፍ ኦስካር ወስዳለች። ስለዚያ ጊዜ ደጋግማ ተናግራለች፤ በ2005 ከጊሊየም ጋር በኢሜይል ተጻጽፋበታለች፣ በ2022 ባወጣችው መጽሐፍም ላይ ሰፋ አድርጋ ጽፋዋለች። ፍንዳታዎቹ በጣም ቅርቧ እንደነበሩ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት እንደቆየች፣ የሥራው ሰዓት ማብቂያ እንዳልነበረው ትናገራለች። ፍርሃቱ አብሯት አድጓል።

ስለዚህ ወሬው እውነት ነው። ብዙ ጽሑፎች ይህን ከሌሎቹ አስቂኝ ታሪኮች ጋር ይደረድሩታል፤ የሚደረደር አይደለም። እንደ ባለሙያ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። የሕፃን ተዋናይ ደኅንነት የሚጠበቀው በመርሐ ግብር ነው። ልጅ የምትሠራው ለተወሰነ ሰዓት ነው፤ ፍንዳታ ሲቀረጽ ትወጣለች፣ በምትኳ ሌላ ሰው ይሮጣል። ይህ ሁሉ ቀን ይፈልጋል። ቀን ደግሞ ገንዘብ ነው። ከመጀመሪያው የሐሰት በጀት ሲጻፍ በመጀመሪያ የሚጠፉት እነዚያ ቀናት ናቸው። 23.5 የሚለው ቁጥር ምን እንዳስከፈለ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ከኮሎምቢያ ይልቅ እሷን ያዳምጥ።

ትልልቆቹም አልተመቻቸውም። የሞንቲ ፓይተኑ ኤሪክ አይድል ለሚናው ጭንቅላቱን ተላጭቶ ነበር። በኋላ ሲናገር፣ የጊሊየምን ፊልም ሄዶ ማየት ጥሩ ነው፣ ውስጡ መግባት ግን እብደት ነው ብሏል። ኦሊቨር ሪድ ግን የእሳት አምላኩን ቩልካንን ሲጫወት የተዝናና ይመስላል። እሱ ያለበት ክፍል ብቻውን ትኬት ያስቆርጣል።

አሁን ሁለተኛው ቁጥር፣ 117። ፊልሙ አልቆ በ1988 መጨረሻ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ታየ። አሜሪካ የገባው በመጋቢት 1989 ነው። ተቺዎች በአብዛኛው ወደዱት። ጊሊየም እንደሚለው በትልልቅ ከተሞች የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገቢ ኮሎምቢያ ለረጅም ጊዜ ያላየው ጥሩ ጅማሬ ነበር። ታዲያ ለመላው አሜሪካ የታተመው ኮፒ 117 ብቻ ነበር። ያኔ ፊልም የሚታየው በ35 ሚሊ ሜትር ኮፒ ስለሆነ፣ 117 ኮፒ ማለት በአንድ ጊዜ ከ117 አዳራሽ በላይ ሊታይ አይችልም ማለት ነው። አገሪቱ ከ20 ሺህ በላይ የሲኒማ ስክሪን ነበራት። በዚያው ዓመት ክረምት የወጣው ባትማን ከ2,000 በላይ በሆኑ ሲኒማ ቤቶች ነው የተከፈተው። ጊሊየም ራሱ በምሬት፣ ለጥቂት ተመልካች የሚሠራ የጥበብ ፊልም እንኳ 400 ኮፒ ያገኛል ይላል።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ቅድም ያልኩት የአለቃ መቀየር ነው። አዲስ አለቃ በቀድሞው ሰው ፊልም ቢሳካለት ምስጋናው የቀድሞው ነው፤ ቢወድቅ ደግሞ «ይኸው የእሱ ጥፋት» ማለት ይችላል። ሮቢን ዊሊያምስ ይህን ሲገልጽ አዲስ የመጣ አንበሳ የቀድሞውን ግልገሎች እንደሚገድለው ነው ያለው። ሁለተኛው ደረቅ ሒሳብ ነው። ኮሎምቢያ በዚያን ጊዜ ለሽያጭ እየተዘጋጀ ነበር፤ በ1989 ከኮካ ኮላ እጅ ወደ ሶኒ ተሸጋገረ። ለሽያጭ የቀረበ ኩባንያ ደብተሩ እንዲያምርለት ይፈልጋል። ኮፒ ማሳተምና ማስታወቂያ ዛሬ የሚወጣ ወጪ ነው፤ ገቢው የሚመጣው ነገ ነው። ስለዚህ የዛሬው ተቆረጠ።

የአሜሪካ ገቢው 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ቀረ። በኦስካር አራት እጩነት አገኘ፤ በመድረክ ዲዛይን፣ በአልባሳት፣ በሜካፕና በልዩ ውጤት። አንዱንም አልወሰደም። የእንግሊዙ ባፍታ ግን ለመድረኩ፣ ለአልባሳቱና ለሜካፑ ሦስት ሽልማት ሰጥቶታል። የእጅ ሥራው ላይ ማንም ተከራክሮ አያውቅም።

ጊሊየም ቀጥሎ የሠራው በ1991 የወጣ፣ ሌላ ሰው የጻፈው፣ ኒውዮርክ ውስጥ የሚካሄድ ፊልም ነው። በጀቱ ሙንሃውዘን ከፈጀው ያነሰ ነበር። ሮቢን ዊሊያምስ አሁን ስሙን በትልቁ አጽፎ ገባ። ፊልሙም ገንዘብ አመጣ፤ አንዲት ተዋናይቱም ኦስካር ወሰደች።

አንድ ያልጠየቁኝ ግን ከጥያቄዎ ሥር ያለ ነገር አለ፦ 1,000 ኮፒ ቢታተምለት ኖሮ ያተርፍ ነበር? አይመስለኝም። ስቱዲዮው ከትኬቱ ገቢ የሚደርሰው ግማሹ አካባቢ ነው፤ ቀሪውን ሲኒማ ቤቱ ይወስዳል። 46 ሚሊዮን ለመመለስ ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ትኬት መሸጥ ነበረበት፤ ያውም ማስታወቂያው ሳይቆጠር። ሽማግሌ ጀግና ላለው፣ ለልጅም ለአዋቂም ልክ ላልሆነ ፊልም ይህ በ1989 የሚታሰብ አይደለም። በእውነተኛው 35 ሚሊዮን ተጀምሮ በቂ ኮፒ ቢያገኝ ግን መጠነኛ ኪሳራ ሆኖ ያልፍ ነበር። በየዓመቱ እንዲህ ያሉ ብዙ ፊልሞች አሉ፤ ማንም ስማቸውን አያነሳም።